መጦርም እንደ መቅበር ሥርዓት ይፈልጋል

«ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» የሚለው የሽማግሌዎች ምርቃት ሁለት ነገር አጣምሮ የያዘ ነው። በመቅበሩ በኩል አገራችን የምትታማ አይደለችም። እድር አለን፤ እድሩም ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አለው፤ ድንኳኑ ማን ዘንድ እንደ ተቀመጠ፣ ወንበሩ ስንት እንደ ሆነ በመዝገብ ተጽፎ ይገኛል። መጦሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ ያለ መዝገብና ያለ ዳኛ የሚካሄድ ነው። ሌሊት ማን ይነሣል፣ ለመድኃኒቱ ማን ይከፍላል የሚለው ጥያቄ ሳይነሣ ይቀርና ሸክሙ ሁሉ በአንድ ሰው፣ ይልቁንም በአንዲት ሴት ልጅ ትከሻ ላይ ያርፋል።

ይህን የምጽፈው ከቤታችን ያየሁትን ይዤ ነው። አባቴ በመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ሠላሳ ዓመት አገልግለው በጡረታ የተገለሉ ሰው ናቸው። የእጅ ጽሕፈታቸው በሹማምንቱ ዘንድ የተመሰገነ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ያ ጽሕፈት እያነሰ መጣ፤ መስመሩ በደኅና ይጀመርና ወደ መጨረሻው ፊደሎቹ እንደ ጤፍ ይደቅቃሉ። እሳቸውም የዓይን ድካም ነው ይሉ ነበር። ቀጥሎ ቀኝ እጃቸው ጭናቸው ላይ ባረፈ ጊዜ ይንቀጠቀጥ፣ እርምጃቸውም ያጥር ጀመር። ከጎረቤት አንዱ መጋኛ ነው፣ ሌላው የሰው ዓይን ነው አለ። ሐኪሙ ግን አስነሥቶ፣ አስኪዶ፣ ጣታቸውን አስከፍቶና አስጨብጦ ከመረመራቸው በኋላ ፓርኪንሰን መሆኑን ነገረን።

ይህ በሽታ ስሙን ያገኘው ከእንግሊዛዊው ሐኪም ከጄምስ ፓርኪንሰን ነው፤ እርሱም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1817 ስለ ሕመሙ ጽፎ አሳተመ። የሕመሙ ሥር በአንጎል ውስጥ ነው፤ ዶፓሚን የሚባለውን፣ እንቅስቃሴያችንን የሚያቃናውን ንጥረ ነገር የሚሠሩት ሕዋሳት ቀስ በቀስ ይሞታሉ። በመነካካት ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ፈጽሞ የሚያድን መድኃኒት እስከ ዛሬ አልተገኘለትም፤ ነገር ግን ሌቮዶፓ የሚባለው ኪኒን የጎደለውን ዶፓሚን እየተካ ለብዙ ዓመታት እንቅስቃሴን ያቀላል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ ከ8.5 ሚሊዮን በላይ ሕሙማን እንደ ነበሩ ገምቷል። በአገራችንም በወይዘሮ ክብራ ከበደ መሥራችነት እነዚህን ሕሙማን የሚረዳ ድርጅት ተቋቁሟል።

በቤታችን አጥቢዋም፣ አብሳዩዋም፣ ሌሊት ተነሺዋም ታላቅ እኅቴ ነበረች። አንድ ቀን ወገቧን ይዛ ተኛችና፣ «እኔ ስወድቅ አባባን ማን ያነሣቸዋል?» አለች። በዚያ ሳምንት እሑድ አራታችንም ልጆች ተሰበሰብን። አባታችንን በሌሉበት ልንመክርባቸው አልወደድንም፤ ወንበራቸውን መካከል ላይ አደረግን። እሳቸውም ገና ወሬ ሳይጀመር፣ «ቃለ ጉባኤ ሳይያዝ ስብሰባ የለም» ብለው ደብተር አስመጡ። እኔም ጸሐፊ ሆንኩ።

ወንድሜ ሠራተኛ ሴት እንቅጠር ሲል አባታችን፣ «የሰው ልጅ ሴት ገላዬን አታጥበኝም፤ ወንድ ፈልጉልኝ» አሉ። እንዲህም ተደረገ። በማታ ትምህርት የሚማር አንድ የሰፈራችን ወጣት ከጧት እስከ ስምንት ሰዓት እንዲረዳቸው ተስማማን፤ ደመወዙና የዕረፍት ቀኑ በጽሑፍ ሰፈረ። የመምህር ደመወዝ የታወቀ ነው፤ ሆኖም ድርሻዬ ሳይጓደል ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን ይሰጣል። ገንዘብ ያነሰው ሌሊቱን ይጨምራል፤ እኅቴም በሳምንት ሦስት ሌሊት ሙሉ እንቅልፍ ትተኛለች።

ደብተሩ የያዘው ሌላም አለ። ኪኒኑ በሐኪሙ በታዘዘው ሰዓት ይሰጣል፤ ሥጋም ሆነ ሽሮ የመድኃኒቱን ሥራ ሊያዳክም ስለሚችል ከምግብ ግማሽ ሰዓት ቀድሞ ይዋጣል። በድንገት ማቋረጥ አደገኛ ነውና፣ መድኃኒቱም ከገበያ የሚጠፋበት ጊዜ ስላለ፣ ሳያልቅ ይገዛል። የሚያደናቅፈው ምንጣፍ ተነሥቷል፤ በበርጩማው ፈንታ መደገፊያ ያለው ከፍ ያለ ወንበር ገብቷል፤ ለሌሊት ፖፖ ከአልጋው አጠገብ ይቀመጣል። በር ላይ እግራቸው ከመሬት የተሰፋ ያህል ሲይዛቸው አይጎተቱም፤ «አንድ፣ ሁለት» ብሎ መቁጠር ወይም መሬት ላይ የተለጠፈውን መስመር እንዲሻገሩ ማድረግ ይረዳቸዋል።

ከሁሉ የከበደን የማዕዱ ነገር ነበር። እንጀራው ከእጃቸው እየፈሰሰ ስላሳፈራቸው ብቻቸውን መብላት ጀመሩ። መፍትሔው ከገዛ ባህላችን ተገኘ። ጉርሻ ክብር እንጂ ምጽዋት አይደለምና፣ የልጅ ልጆቻቸው በተራ ያጎርሷቸዋል፤ እንዳያንቃቸውም ቀና ብለው ይቀመጣሉ፣ ጉርሻውም ትንሽ ነው። እሳቸውም በሚንቀጠቀጠው እጃቸው መልሰው ያጎርሳሉ፤ ሕፃናቱ ወጥ ቢፈስባቸው ይስቃሉ እንጂ አይጸየፉም።

ተማሪዎችና የመንግሥት ሠራተኞች የሆናችሁ አንባብያን ሆይ፤ ደመወዜ ሲያድግ እጦራለሁ አትበሉ፤ የወላጅ እርጅና የደረጃ ዕድገታችንን አይጠብቅም። ገንዘብ የሌለው ሰዓት አለው፤ ሰዓት የሌለው ገንዘብ ያዋጣ፤ ሁለቱም ግን ይጻፍ። ይህ ሕመም ሲቆይ የሰውን ድምፅ ያሳሳል፤ የአባቴንም ቃል አሁን የምሰማው ጆሮዬን ጠጋ አድርጌ ነው። ስለዚህ ወላጆቻችሁ በማን መታጠብ፣ የት መተኛት፣ ከማን ጋር መብላት እንደሚወዱ፣ ቃላቸው ጎልቶ በሚሰማበት ጊዜ ጠይቋቸው።