ሞተሩ ከጠፋ በኋላ

በመኪና ጋራዥ ውስጥ አውሮፕላን ሲሠራ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እዚህ አሜሪካ ሕጉ ስለሚፈቅድ ብዙዎች በገዛ እጃቸው ሠርተው ይበሩበታል። በቤተ ክርስቲያናችን ያሉ አንድ ጋሼም ለዓመታት የደከሙበት ባለ ሁለት መቀመጫ አውሮፕላን አላቸው። እኔ መፍቻ አቀባይ ነኝ።

አንድ ቀን ከሞተሩ ኮፈን ሥር ቀለሙ ተነፍቶና ቡናማ ሆኖ አገኘነው። ኮፈኑ ከፋይበርግላስና ከኤፖክሲ የተሠራ ነው፤ እንዲህ ያለው ብዙ ጊዜ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይሞላው መለስለስ ይጀምራል። ከሲሊንደሩ የሚወጣው ጭስ ግን 700 ዲግሪ ያልፋል፤ የጭስ ማውጫው ቧንቧም ከኮፈኑ ብዙ አይርቅም።

“ፎይል እንለጥፍበት” አልኩ። ጋሼ ሳቁ። ፎይል ሙቀቱን ወደመጣበት ቢመልስም ብቻውን አይበቃም። በቧንቧው ላይ ስስ የማይዝግ ላሜራ በክላምፕ አሰሩ፤ በመካከላቸውም አየር የሚያልፍበት ክፍተት ተዉ። የኮፈኑን ውስጥ ሙቀት በሚከላከል ጨርቅ ሸፍነው ፎይል አለበሱት፤ ጨርቁ ዘይት ጠጥቶ እንዳይቀጣጠል ጠርዙን ሁሉ አሸጉ።

“የሚጎዳው በረራው ብቻ አይደለም” አሉኝ። “በሰማይ ነፋሱ ያቀዘቅዘዋል። ወርደን ሞተሩን ስናጠፋ ነፋሱ ይቆማል፤ ብረቱ ግን እንደጋለ ነው። ሙቀቱ መውጫ አጥቶ እዚያው ይታመቃል።” ስለዚህ ገና እንደቆሙ ዘይት የሚታይባትን ትንሽ በር ይከፍታሉ።

ይህን ሲሉ አንድ ልጅ ትዝ አለኝ። ያዕቆብ 1፥19ን ይዤ ስለ ቁጣ ሳስተምር ዘግይቶ እየሳቀ ገባ። ትምህርቱ እስኪያልቅ ታገሥኩ፤ ትዕግሥቴንም ሁሉም አየ። ከመዝጊያው ጸሎት በኋላ ግን መኪና ማቆሚያው ላይ ጠብቄ፣ “ከነጭራሹ ባትመጣ ይሻል ነበር” አልኩት። ከዚያ ወዲህ አልመጣም።

በአገልግሎት ላይ ሳለሁ ዝማሬውና ጸሎቱ ያበርደኛል። ያቃጠለው ሁሉም ካበቃ በኋላ በውስጤ ታምቆ የቀረው ነው።

ቤቱ ሄጄ በእናቱ ፊት ይቅርታ ጠየቅሁት። “እሺ” አለኝ፤ ዓይኔን ግን አላየኝም። ወንበሩ እስከ ዛሬ ባዶ ነው፤ እየጸለይኩ እጠብቀዋለሁ። አሁን ከትምህርት በኋላ ወደ መኪናዬ ከመሄዴ በፊት ከአንድ ወንድም ጋር ጥቂት እቀመጣለሁ። በልቤ የቀረውን ሳልሸፍን እነግረዋለሁ፤ አብረን እንጸልያለን። የእኔ ትንሽ በር ይህች ናት።

እናንተስ? ሞተራችሁ ሲጠፋ ሙቀቱ በየት ይወጣል? የቅርባችሁን ሰው ሳያቃጥል በሩን ክፈቱለት።