ውርስና የአንጀት ጤና

ከአንድ ማዕድ የሚቆርሱ ወንድማማቾች ሆዳቸው አንድ አይደለም። አንዱ ወተት ጠጥቶ በሰላም ሲያድር፣ ሌላው በሆድ መነፋትና በቁርጠት ሲሰቃይ ያመሻል። ቤተሰቡም ስቃዩን እንደ ቅብጠት ሊቆጥረው ይችላል። ሆኖም የልዩነቱ ምንጭ ጠባይ ሳይሆን ውርስ ሊሆን ይችላል።

በሰው አንጀት ውስጥ ለቁጥር የሚያታክቱ ባክቴሪያዎች ይኖራሉ። አብዛኞቹ ጠላቶች አይደሉም፤ ሳይፈጭ የቀረውን ምግብ ያብላላሉ፤ ጎጂ ተውሳኮችም ስፍራ እንዳያገኙ ይከላከላሉ። የትኞቹ እንደሚበዙ ከሚወስኑት ነገሮች አንዱ፣ ሰው ከወላጆቹ የሚወርሰው በራሂ ወይም ጂን ነው። ለምሳሌ የወተትን ስኳር የሚፈጨው ኤንዛይም በብዙ ሰዎች ዘንድ ከሕፃንነት በኋላ ይቀንሳል። በአንዳንድ የአውሮፓና የምሥራቅ አፍሪካ ሕዝቦች ዘንድ ግን፣ በየፊናቸው በተገኘ የበራሂ ለውጥ ምክንያት፣ እስከ ጉልምስና ይዘልቃል። ለውጡን ያልወረሰ ሰው ወተት ሲጠጣ፣ ስኳሩ ወደ ትልቁ አንጀት ወርዶ የባክቴሪያዎች ቀለብ ይሆናል። ሆዱን የሚነፋውም እነርሱ የሚፈጥሩት አየር ነው።

ውርስ ከዚህ ለከበደ ሕመምም በር ይከፍታል። በ1932 እ.ኤ.አ. የኒው ዮርክ ሐኪሞች የገለጹት የክሮን በሽታ አንጀትን ያቆስላል፤ ሰውነትንም ያከሳል። በ2001 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች ኖድ-2 የተባለ በራሂ ከዚህ በሽታ ጋር የተያያዘ መሆኑን አስታወቁ። ይህ በራሂ የሰውነት ሕዋሳት የባክቴሪያን ቅጥር ስብርባሪ እንዲለዩ ይረዳል፤ እንደ በር ዘብ ነው። ዘቡ ሲደክም በሰውነትና በባክቴሪያዎቹ መካከል ያለው ሰላም ይናጋል፤ አንጀትም ይቆጣል።

ይሁን እንጂ ውርስ የማይሻር ፍርድ አይደለም። የተለወጠውን በራሂ ከወረሱት ሰዎች አብዛኞቹ በዚህ በሽታ ሳይያዙ ይኖራሉ። ፍጹም ተመሳሳይ ከሆኑ መንትዮች አንዱ ሲታመም፣ ሌላው ብዙ ጊዜ ጤነኛ ነው። ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል በሄዱ ቤተሰቦች ዘንድም፣ ሲደርሱ እምብዛም ያልታየው የክሮን በሽታ ከዓመታት ኑሮ በኋላ መታየት ጀምሯል። በራሂያቸው አልተለወጠም፤ የተለወጠው ምግባቸውና አኗኗራቸው ነው።

ስለዚህ ዘር መሬቱን ያዘጋጃል፤ የሚበቅለውን ግን ኑሮም ይወስናል። የሆድ ሕመምተኛ ሊነቀፍ ሳይሆን ሊመረመርና ሊታከም ይገባዋል።