መቋጨትና መቆጨት

ሰውየው ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ካሉት የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች በአንዱ ተቀምጠው ቡና ሲጠብቁ፣ ስኒውን ያቀረበችላቸው ልጅ «አባባ፣ ስኳር ስንት ላድርግልዎት?» አለቻቸው። ዞር ብለው ከኋላቸው ማን እንዳለ አዩ። ማንም የለም። «ሁለት» አሉና ቡናውን ሳይጠጡ ለረጅም ጊዜ አማሰሉት።

እዚህ አገር ሲመጡ «ወንድሜ» ነበሩ። ቀስ ብሎ «ጋሼ» መጣ፤ እሱንስ ለመዱት፣ እንዲያውም ሳይወዱት አልቀሩም። ከ«ጋሼ» ወደ «አባባ» የሚወስደው መንገድ ግን ማስጠንቀቂያ የለውም። ሽበት እንኳ አንድ አንድ እያለ ነው የሚገባው።

አብሯቸው የተቀመጠው ጓደኛቸው ነገሩን ሲሰማ «ምን ቸገረህ፣ በእኛ አቆጣጠር ቁጠራ!» ብሎ ሳቀ። ሰፈሩም ይህን ሂሳብ ያውቀዋል። የከተማው ምክር ቤት ይህን የፌርፋክስ ክፍል «ትንሿ ኢትዮጵያ» ብሎ የሰየመው በፈረንጆች 2002 ነው፤ አገር ቤት ግን ገና 1994 ዓ.ም. ነበር። ችግሩ የልደት ዓመትም አብሮ ወደ ኋላ መሄዱ ነው። ዕድሜ በየትኛውም አቆጣጠር ንክች አይልም።

ሰውየው የዚያን ቀን ማታ ሻንጣቸውን ከፍተው ጋቢያቸውን አወጡ። ከአዲስ አበባ እኅታቸው የላከችላቸው ነው። መንገደኛው በዚያው ሌሊት ይበር ስለነበር ሳይቋጭ ነው የላከችው። በስልክ «ስትመጣ እኔው እቋጭልሃለሁ» ብላቸው ነበር። እሳቸው «ሁለት ዓመት ሠርቼ እመለሳለሁ» ብለው ከመጡ ሠላሳ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። እኅታቸው ካረፈች አራት ዓመት። ጋቢው አንድም ቀን አልተለበሰም።

በአማርኛ የድርሰት ፍጻሜ ብዙ ስም አለው፤ ማሳረጊያ፣ መደምደሚያ፣ መቋጫ። መቋጫ ከሸማ ሥራ የመጣ ነው። ሸማ ከሸማኔው እጅ ሲወጣ ድሩ በጫፍና በጫፉ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ያንን ድር ጥቂት ጥቂቱን እየያዙ፣ እያከረሩ መቋጠር መቋጨት ይባላል። ካልተቋጨ ማጉ እየሾለከ ሸማው ይተረተራል። ብዙ ጊዜም የሸመነው ሌላ፣ የሚቋጨው ሌላ ነው።

ፈረንሳዮች ለተውኔት መጨረሻ የሚሉት «ዴኑማን» የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ቃሉ ቋጠሮን መፍታት ማለት ነው። ከእነሱ በፊት አርስቶትልም ትራጄዲን ቋጠሮና መፍቻ ብሎ ለሁለት ከፍሎታል። እዚያ ታሪክ የሚያልቀው የተቋጠረው ሲፈታ ነው፤ በአማርኛ ደግሞ የተንጠለጠለው ሲቋጠር። ዕድሜ ራሱ በፈረንሳዮቹ ወገን ይመስላል። መጀመሪያ ጉልበት ይፈታል፤ ቀጥሎ ጥርስ ይላላል፤ ከዚያ የሰው ስም ምላስ ጫፍ ላይ ደርሶ ሾልኮ ይጠፋል።

እንዲህ እየተፈታ ላለ ሰው መቋጫ መፈለግ ቢያስፈራ አይገርምም። መጨረሻን ማወቅ ግን መንገዱን አያበላሽም። ሐዲስ ዓለማየሁ የመጽሐፋቸውን መጨረሻ በርዕሱ ላይ አስቀድመው ተናግረዋል፤ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ግን ማንም በዚህ ምክንያት ከመሐል አላቋረጠውም። ያን መጽሐፍ ያሳተሙትም ሃምሳን ካለፉ በኋላ ነው። «የልም እዣት» በ1980 ዓ.ም. ሲታተም ደግሞ ከሰባ በላይ ነበሩ። ለአንዳንዱ ሰው ከ«አባባ» በኋላም የሚሸመን አለ።

መቋጨትና መቆጨት በአንዲት ፊደል ይለያያሉ። ሰውየው ለዓመታት የኖሩት በሁለቱ መካከል ነው። ጋቢውን ሌላ ሰው ቢቋጨው እኅታቸው ያን ጊዜ የምትሞት ይመስላቸው ነበር። ስለዚህ አልተቋጨም፣ አልተለበሰምም፤ ሻንጣ ውስጥ እንደታጠፈ ብል እየጠበቀ ኖረ።

በሳምንቱ ጋቢውን በፌስታል ይዘው ወደ ፌርፋክስ ተመለሱ። ከሱቆቹ በአንዱ፣ በርበሬና የጀበና ማስቀመጫ በተደረደረበት ጥግ፣ የባለቤቷ እናት ወንበር ላይ ይውላሉ። ሰማንያን ሳያልፉ አልቀሩም። ጋቢውን ተቀብለው ጫፉን በጣታቸው ዳሰሱት።

«ማን ነው እንዲህ ጥሎት የሄደው?»

«እኅቴ ናት፣ እማማ። እኔው ነኝ ያዘገየሁት።»

አሮጊቷ ሌላ አልጠየቁም። ድሩን ጭናቸው ላይ አንጥፈው፣ ጥቂት ክር ከፍለው በመዳፋቸው ያከሩት ጀመር። ጣታቸው ቢንቀጠቀጥም ቋጠሮው ቀጥ ብሎ ይወጣል። አንዱን ጨርሰው ወደ ሁለተኛው አለፉ። ሰውየው ፌስታሉን አጥፈው እንደያዙ ቆመው ያያሉ።

አሮጊቷ ቀና አሉ።

«ገና ብዙ ነው» አሉ፣ በርጩማውን በእግራቸው እየገፉላቸው። «ምን ያስቆምሃል? ና ቁጭ በል፣ ልጄ።»