ያላየናት ናርጋ

በ4 ቀን ክብራን ገብርኤልን፣ ዳጋ እስጢፋኖስን፣ ናርጋ ሥላሴንና ጣና ቂርቆስን እንሳለማለን ብለን ከዴር ሱልጣን ተነሥተን ወደ ጣና ተሻገርን። ክብራንን ተሳልመን ዳጋ በደረስን ጊዜ ግን ማዕበል ተነሥቶ በዚያው አስቀረን። እቴጌ ምንትዋብ ያሳነጿት ናርጋ ያለችበት የደቅ ደሴት ከፊታችን እየታየን 2 ቀን ተቀመጥን፤ አጉረመረምን፤ ባለጀልባውንም ያለ በደሉ ወቀስነው።

አንድ አረጋዊ መነኩሴ ቆሎ አቅርበውልን፣ «አባቶቼ፣ ጎልጎታን በየዕለቱ ትሳለማላችሁ?» ሲሉ በናፍቆት ጠየቁን። እርስ በርሳችን ተያየን። ማደሪያችን በጎልጎታው ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ ሆኖ ሳለ፣ ሳንሳለም የምንውልበት ቀን ብዙ ነውና መልስ አጣን።

ናርጋንም ቂርቆስንም ሳናይ ተመለስን። ኢየሩሳሌም በገባን ማግሥት ግን፣ ማለዳ በሩ ሲከፈት፣ በቅዱስ ሚካኤል በኩል ደረጃውን ወርደን ጎልጎታን ተሳለምን።