ከመብረር በፊት መውደቅን መሞከር

አቃቂ ቃሊቲ ሲባል ቀድሞ የሚታያችሁ ፋብሪካው፣ ጉምሩኩና የከባድ መኪናው ሰልፍ ይሆናል። እኔም የዚሁ ሰፈር ነዋሪ ነኝ፤ የመኪና መለዋወጫ በሚያስመጣ ድርጅት በማርኬቲንግ ባለሙያነት እሠራለሁ። አቃቂ ግን በ1920ዎቹ የአውሮፕላን ማረፊያም ነበረች። በ1928 ዓ.ም. ደግሞ «ፀሐይ» የተባለችው ባለ ሁለት መቀመጫ አውሮፕላን በጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር መሪነት አዲስ አበባ ውስጥ ተሠርታ በረረች። ጣሊያን ወስዶ ለብዙ አሥርት ዓመታት ካቆያት በኋላ ጥር 2016 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመለሰች።

አስፋልት በሌለው ሜዳ ለሚያርፍ ትንሽ አውሮፕላን ከመብረሩ ይልቅ ማረፉ ይከብዳል። ድንጋዩንና ጉድጓዱን የሚችለው የማረፊያ እግሩ ነው። በብዙዎቹ እግር ውስጥ ዘይትና ጋዝ አለ። መሬት ሲነካ ዘይቱ በጠባብ ቀዳዳ እየተገፋ ያልፋል፤ የምቱ ጉልበትም ወደ ሙቀት ይለወጣል። ሞላ ብቻውን ቢሆን ኖሮ ምቱን መልሶ አውሮፕላኑን ወደ ላይ ያነጥረው ነበር። መካኒኮች «አሞርዛተሩ ሞቷል» የሚሉት መኪና ጉድጓዱን ካለፈ በኋላም የሚዘልለው ለዚህ ነው።

ለደንበኞቻችን ስለ አሞርዛተር ጽሑፍ ሳዘጋጅ ያነበብኩት የፍተሻው አሠራር ግን ከሁሉ በላይ ገረመኝ። እግሩን ከነጎማው ክብደት ይጭኑበትና ከፍ አድርገው ይለቁታል። ለረጅም ዓመታት በተሠራበት የአሜሪካ የአነስተኛ አውሮፕላኖች ደንብ፣ ከፍታው እንደ አውሮፕላኑ ክብደትና እንደ ክንፉ ስፋት ከ23 እስከ 47 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ከጉልበት አያልፍም። ቀጥሎ ከፍታው በ1.44 ተባዝቶ ሌላ ፈተና ይመጣል። በዚህኛው እግሩ ቢጎብጥ ይፈቀዳል፤ መክዳት ግን አይፈቀድለትም።

ባለቤቴ ደመወዙን ትቶ የራሱን ጋራዥ ለመክፈት ሲነሳ ይህን ፈተና ወደ ቤታችን አመጣሁት። «ከመልቀቅህ በፊት አንድ ወር በእኔ ደመወዝ ብቻ እንኑር፤ ያንተን አንንካው» አልኩት። ተስማማ። ወሩ ሲያልቅ የጎበጠው ታወቀ፤ ሥጋው ቀነሰ፣ ራይድ ቀርቶ አውቶቡስ ሆነ፣ የቅዳሜው መዝናኛ እቤት ገባ። የዕድሩ መዋጮ አልተጓደለም። የከዳንም ታወቀ፤ የልጃችን የትምህርት ቤት ክፍያ። ስለዚህ ጋራዡን አልሰረዝነውም። የአንድ ዓመት የትምህርት ክፍያ እስኪጠራቀም ሥራውን ላይለቅ ተስማማን፤ ያልነካነው ደመወዝም የመጀመሪያው ተቀማጭ ሆነ።

እናንተም ሥራ ልትቀይሩ፣ ቤት ልትገዙ ወይም ንግድ ልትጀምሩ ካሰባችሁ፣ አስቀድማችሁ ከጉልበት ከፍታ ላይ ሞክሩት። አንድ ወር ይበቃል። ሲያልቅ ከትዳር አጋራችሁ ጋር ቁጭ በሉና በአንድ ወረቀት ላይ ሁለት ዝርዝር ጻፉ፤ የጎበጠውን በአንድ በኩል፣ የከዳውን በሌላ በኩል። የጎበጠውን ቻሉት። የከዳውን ግን ሳትጠግኑ አትነሡ።