አዲስ የትራክ ሹፌርና አሠልጣኙ፦ ከሲዲኤል በኋላ ያሉት ሳምንታት

በአሜሪካ የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ፣ ሰው ሁሉ ሲዲኤል የሚለው፣ በጥቂት ሳምንታት ትምህርት ይገኛል። እ.ኤ.አ. ከፌብሩዋሪ 7 ቀን 2022 ወዲህ የፌዴራሉ መንግሥት አዲስ አመልካች በተመዘገበ ማሠልጠኛ እንዲማር፣ የንድፈ ሐሳብ ምዘናውን ቢያንስ 80 ከመቶ አምጥቶ እንዲያልፍ፣ በግቢና በመንገድ ላይም እንዲለማመድ ያዛል። ስንት ሰዓት መንዳት እንዳለበት ግን ደንቡ አልወሰነም፤ አስተማሪው በቅቷል ካለ በቅቷል። ተማሪው የልምምድ ፈቃድ ይዞ ቢያንስ 14 ቀን ከቆየ በኋላ ይፈተናል። ካለፈና 21 ዓመት ከሞላው፣ በማግሥቱ 80,000 ፓውንድ፣ ማለትም 36 ቶን ገደማ የሚመዝን ትራክ ይዞ ብቻውን ከኒው ጀርሲ ካሊፎርኒያ ቢነዳ የሚያግደው የፌዴራል ሕግ የለም።

የሚያግደው ኢንሹራንስ ነው። ትናንሽ ድርጅቶችን የሚሸፍኑ ኢንሹራንሶች ብዙ ጊዜ የሁለት ዓመት ልምድ ይጠይቃሉ። ስለዚህ አዲሱ ሹፌር የራሳቸው የሥልጠና ፕሮግራም ወዳላቸው ትላልቅ ኩባንያዎች ያመራል፤ እነሱም ልምድ ካለው ሹፌር ጋር በአንድ ትራክ ላይ ለተወሰኑ ሳምንታት ይመድቡታል። አዲሱ ሰው ሹፌር የሚሆነው በእነዚያ ሳምንታት ነው። ሆኖም ስንት ሳምንት እንደሚቆይ፣ ምን እንደሚማርና ማን እንደሚያስተምረው የሚወስነው ኩባንያው ብቻ ነው። የአንድ ሰው የሙያ ዕድሜ፣ አንዳንዴም የሌሎች ሰዎች ሕይወት፣ ማን አጠገብ እንደተቀመጠ በሚል ዕጣ ላይ ይወድቃል።

ሁለቱ ሰዎች ብዙ ጊዜ ከዚያ በፊት አይተዋወቁም። ከመቀመጫዎቹ ጀርባ አንዱ ከሌላው በላይ የተሠሩ ሁለት አልጋዎች አሉ፤ መብሉም፣ እንቅልፉም፣ ሥራውም እዚያው ነው። ስለ ሲጋራ፣ ስለ ስልክ ወሬ፣ ስለ ጫማና ስለ ምግብ ሽታ በመጀመሪያው ቀን ፊት ለፊት የተነጋገሩ ሰዎች ከብዙ ጠብ ይድናሉ።

ጥሩ አሠልጣኝ ተማሪው መሪ ከመጨበጡ በፊት ትራኩን ዙሪያውን እንዲፈትሽ ያደርገዋል። ተማሪው ይህን ፍተሻ ለፈተና ሲል በቃሉ አጥንቶታል፦ ሞተሩ ጠፍቶ ፍሬን ሲረገጥ የትራኩና የተሳቢው የአየር ግፊት በአንድ ደቂቃ ከ4 ፒኤስአይ በላይ መውረድ የለበትም፣ አየሩ ወደ 60 ሲወርድ ማስጠንቀቂያው መጮህ አለበት። መንገድ ላይ ሲወጣ ቁጥሮቹ ትርጉም ያገኛሉ። አሠልጣኙ ባትሪ አስይዞ ከተሳቢው ሥር ያንበረክከዋል፤ የፊፍዝ ዊሉ፣ ማለትም ተሳቢውን ከትራኩ የሚያያይዘው ክፍል፣ መንጋጋ ከተሳቢው ሥር የወጣውን ኪንግ ፒን ዙሪያውን መያዙን በዓይኑ እንዲያይ። ከዚያ የተሳቢውን ፍሬን ይዞ ትራኩን ወደፊት በቀስታ ይስባል። ተሳቢ ተላቆ የሚወድቀው አብዛኛውን ጊዜ ከእነዚህ ጥቂት ደቂቃዎች አንዱ ሲዘለል ነው።

ክብደት ማከፋፈል ግን በትምህርት ቤት ብዙም የማይነካ ነገር ነው። በፌዴራል ሕግ ጥንድ አክስል ከ34,000 ፓውንድ በላይ መሸከም አይችልም። ጠቅላላ ክብደቱ በልኩ ሆኖ አንዱ አክስል ቢበዛበት የተሳቢውን የኋላ ጎማዎች ወደፊት ወይም ወደኋላ ማንሸራተት ያስፈልጋል። ሹፌሩ ይህን ሲያደርግ ደግሞ የየክልሉን ሕግ ማስታወስ አለበት፤ ካሊፎርኒያ ለምሳሌ ከኪንግ ፒኑ እስከ ተሳቢው የመጨረሻ አክስል ያለው ርቀት ከ40 ጫማ እንዲበልጥ አትፈቅድም። ይህን በአንድ ሚዛን ጣቢያ አንድ ጊዜ በእጁ የሠራ ተማሪ አይረሳውም።

አዲስ ሹፌሮችን ከሁሉም በላይ የሚያስጨንቃቸው ወደኋላ ማስገባት ነው። 53 ጫማ፣ ማለትም 16 ሜትር ርዝመት ያለው ተሳቢ ወደ ቀኝ እንዲሄድ መሪው ወደ ግራ ይዞራል፤ አእምሮ ይህን እስኪቀበል ጊዜ ይወስዳል። የማሠልጠኛው ግቢ ሰፊና ባዶ ነው። የዕቃ ማራገፊያ መጋዘን ግን ጠባብ ነው፣ ግራና ቀኝ ሌሎች ተሳቢዎች ቆመዋል፣ የሚጠብቁ ሹፌሮችም ያያሉ። እዚህ ላይ የአሠልጣኙ ጠባይ በግልጽ ይታያል። አንዱ ይጮኻል፤ ተማሪው በፍርሃት መሪውን አብዝቶ ያዞራል፣ ስፖኪዮውን ማየት ይተዋል። ሌላው ሰዓት ሲጠብ ራሱ መሪውን ይቀበልና በሁለት ደቂቃ አስገብቶ ይጨርሳል፤ ተማሪው ያን ቀን ምንም አልተማረም። የሚያስተምረው ሦስተኛው ነው፦ ተማሪው ቆሞ፣ ወርዶ፣ ዞሮ አይቶ፣ ተመልሶ እንዲሞክር ጊዜ የሚሰጠው። አሥር ጊዜ መውረድ አያሳፍርም፤ የሌላ ሰው ተሳቢ ገጭቶ የአደጋ መዝገብ ይዞ ሥራ መጀመር ግን ለዓመታት ይከተላል።

ቁልቁለት ግን ይቅርታ የለውም። የሲዲኤል መመሪያው ዘዴውን በጥቂት መስመሮች ያስቀምጠዋል፦ መውረድ ከመጀመሩ በፊት ዝቅ ያለ ማርሽ መያዝ፣ ፍጥነቱን ለሞተሩ መተው፤ ፍጥነቱ ከተወሰነው ሲደርስ ፍሬኑን ጠንከር አድርጎ ረግጦ 5 ማይል ያህል መቀነስ፣ ከዚያ መልቀቅ። ፍሬን ላይ እግርን አሳርፎ መውረድ ፍሬኑን ያግለዋል፤ የጋለ ፍሬን ደግሞ አይዝም። አገር ቤት በጣርማ በር ቁልቁለት ሲነዳ የኖረ ሹፌር ይህን ከማንም መማር አያስፈልገው ይሆናል። በቴክሳስ ሜዳ ፈቃድ ያወጣ ሰው ግን ኮሎራዶ ውስጥ 3,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ካለው የአይዘንሃወር ዋሻ ወጥቶ ወደ ዴንቨር ሲወርድ እንደዚያ ያለ ነገር በሕይወቱ አላየም።

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 25 ቀን 2019 በዚሁ አይ-70 መንገድ፣ ዴንቨር አጠገብ ባለችው ሌክዉድ፣ አንድ ትራክ በትራፊክ ምክንያት በቆሙ መኪኖች ላይ ወጥቶ አራት ሰዎች ሞቱ። የ23 ዓመቱ ሹፌር ፍሬን እንቢ እንዳለው ተናገረ፤ ዐቃቤ ሕግ ደግሞ ፍሬናቸው ለጠፋ ትራኮች የተሠራውን የማምለጫ መንገድ አልፎ መሄዱን አስረዳ። በ2021 መጨረሻ 110 ዓመት ተፈረደበት፤ የክልሉ ገዥ ጃሬድ ፖሊስ በዚያው ወር ወደ 10 ዓመት አወረዱለት። ብዙ ሰው የተከራከረው ስለ ፍርዱ ነበር። ያን ያህል ያልተነሳው ጥያቄ አንድ ወጣት እንዲህ ያለ ተራራ ከመውረዱ በፊት የማምለጫ መንገድ መቼና እንዴት እንደሚያዝ አጠገቡ ተቀምጦ ማን ሊያሳየው ይገባ ነበር የሚለው ነው። ከአሠልጣኝ ጋር ባለፉ ሳምንታት አንድም ተራራ ያልነካ ሹፌር ሥልጠናው አልተጠናቀቀም ማለት ይቻላል፤ ኩባንያው የምስክር ወረቀት ቢሰጠውም።

ጊዜን ማቀድ ሌላው ትምህርት ነው። ሹፌር ከ10 ሰዓት ዕረፍት በኋላ ቢበዛ 11 ሰዓት ሊነዳ ይችላል፤ ይህም ሥራ ከጀመረበት አንሥቶ በ14 ሰዓት ውስጥ ማለቅ አለበት። መጋዘን ደጃፍ ላይ አራት ሰዓት ቢያስጠብቁትም ሰዓቱ ይቆጥራል፣ ኤሌክትሮኒክ ሎጉም ይመዘግባል። ልምድ ያለው አሠልጣኝ ጠዋት ከመነሳቱ በፊት ማታ የት እንደሚያድር ያውቃል፣ ትራክ ስቶፑ ቢሞላ ሁለተኛ ምርጫ አለው። ይህ የምቾት ጉዳይ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2009 ጄሰን ሪቨንበርግ የተባለ ሹፌር ማራገፊያው እስኪከፈት ሳውዝ ካሮላይና ውስጥ በተተወ ነዳጅ ማደያ ቆሞ ሳለ በዘራፊ ተገደለ፤ በ2012 የወጣውና ስለ ትራክ ማቆሚያ እጥረት የሚመለከተው ሕግ በስሙ ይጠራል።

አሁን ወደ ዋናው ችግር። ተማሪው በልምምድ ፈቃድ ሲነዳ ሲዲኤል ያለው ሰው ጋቢና አጠገቡ እንዲቀመጥ ሕጉ ያስገድዳል። ፈቃዱ በእጁ ሲገባ ይህ ግዴታ ያበቃል፤ አሠልጣኙ ሄዶ መተኛት ይችላል። ሁለት ሹፌር ያለው ትራክ ደግሞ አንዱ ሲተኛ ሌላው እየነዳ ቀንና ሌሊት ሊሄድ ይችላል። በብዙ ኩባንያዎች ተማሪው በቀን ወይም በሳምንት የተቆረጠ አነስተኛ ክፍያ ያገኛል፣ አሠልጣኙ ግን ትራኩ ለሄደው ማይል ሁሉ ይከፈለዋል። እንዲህ ባለ አከፋፈል ተማሪው ሌሊት ብቻውን ሲነዳ አሠልጣኙ ተኝቶ ይከፈለዋል፤ መጋዘን ላይ አንድ ሰዓት ቆሞ ወደኋላ ማስገባት ቢያለማምደው ግን ገቢው ይቀንሳል። ደግ አሠልጣኝ ከራሱ ኪስ እየከፈለ ያስተምራል ማለት ነው። ብዙዎች ያደርጉታል፤ ክብር ይገባቸዋል። ሥልጠና ግን በደግነት ላይ ብቻ መቆም የለበትም። ተማሪው ደግሞ ለመናገር ይፈራል፤ የትምህርት ክፍያውን ኩባንያው ሸፍኖለት ከሆነ አንድ ዓመት ሳይሞላ ቢለቅ ዕዳው በራሱ ላይ ይመለሳል።

ለሴቶች ይህ ፍርሃት በእጥፍ ይከብዳል። ሥልጠናዋን ማለፏን በፊርማው ከሚያረጋግጥላት ሰው ጋር በአንድ ጋቢና ማደር ለጥቃት ያጋልጣል፤ ጉዳዩም ደጋግሞ ፍርድ ቤት ደርሷል። አንድ ትልቅ ኩባንያ ሴቶች በሴት አሠልጣኝ ብቻ ይሠልጥኑ የሚል መመሪያ አውጥቶ ነበር፤ ሴት አሠልጣኞች ጥቂት በመሆናቸው ወንዶቹ ወዲያው ሲጀምሩ ሴቶቹ ተራ ሲጠብቁ ከረሙ። እ.ኤ.አ. በ2014 ሚዙሪ የሚገኝ የፌዴራል ፍርድ ቤት መመሪያውን ሕገ ወጥ ነው አለ። ስለዚህ መፍትሔው የሴት አሠልጣኞችን ቁጥር ማብዛትና ቅሬታ ያላት ተማሪ በዚያው ሌሊት ከትራኩ ወርዳ በኩባንያው ወጪ ሆቴል የምታድርበትን አሠራር ማረጋገጥ ነው።

በአሜሪካ ካሉ ኢትዮጵያውያን ብዙዎች ከታክሲና ከኡበር ወደ ትራክ ተሸጋግረዋል፤ አሠልጣኙም አንዳንዴ የራሱ ትራክ ያለው ዘመድ ወይም ጓደኛ ነው። አገር ቤት ረዳት የነበረ ሰው የዚህን ዝምድና ጥቅም ያውቃል። ጎማ እየቀየረ፣ ሸራ እያሰረ፣ ከኋላ ቆሞ ሹፌሩን እየመራ ዓመታት ስለሚያሳልፍ መሪ ሲይዝ መኪናውን ያውቀዋል። በአማርኛ መማርም ፍርሃትን ይቀንሳል፣ ተማሪው ያልገባውን ሳይሸማቀቅ ይጠይቃል። ነገር ግን የፌዴራሉ ደንብ ሹፌር በእንግሊዝኛ ለመነጋገር፣ ምልክት ለማንበብና የፖሊስን ጥያቄ ለመመለስ እንዲችል ይጠይቃል፤ እ.ኤ.አ. ከጁን 25 ቀን 2025 ወዲህም ይህን ያላሟላ ሹፌር ሥራውን እንዲያቆም ይደረጋል። በሥልጠናው ጊዜ በሚዛን ጣቢያም ሆነ በመጋዘን መስኮት ሁልጊዜ ዘመዱ የሚናገርለት ተማሪ ብቻውን ሲወጣ ይቸገራል። ከመጀመሪያው ቀን ራሱ ቢናገር ይሻላል፣ ቢሳሳትም።

መንግሥት ይህን የሥልጠና ጊዜ በሕግ መወሰን እንደሚችል አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2021 የመሠረተ ልማት ሕግ ከ18 እስከ 20 ዓመት ለሆኑ ወጣቶች በተዘጋጀው የሙከራ ፕሮግራም ሠልጣኙ መጀመሪያ 120፣ ቀጥሎ 280 የሥራ ሰዓታት እንዲያሳልፍ፣ በእነዚህም ሰዓታት ሲነዳ ዕድሜው ከ26 ያላነሰ ልምድ ያለው ሹፌር ጋቢና አጠገቡ እንዲቀመጥ ተደነገገ። 21 ለሞላው አዲስ ሹፌር ተመሳሳይ ጥበቃ የለም፤ የቁልቁለቱ አደጋ ግን ዕድሜ አይለይም። ሕግ እስኪወጣ አዲሱ ሹፌር ከመፈረሙ በፊት ኩባንያውን መጠየቅ አለበት፦ አሠልጣኙ ስንት ዓመት ነድቷል፣ የሚከፈለውስ በምን ስሌት ነው፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ተማሪው ሲነዳ ይተኛል ወይስ አጠገቡ ይቀመጣል፣ ተራራና በረዶ በሥልጠናው ውስጥ አሉ ወይ፣ አሠልጣኝ መቀየር ቢፈልግ ለማን ይደውላል፣ ቢለቅ ዕዳው ስንት ነው። መልሱን በጽሑፍ ለመስጠት የማይፈልግ ኩባንያ ካለ ሌላ መፈለግ ይሻላል።