ስለ አሮጌ ጎተራና ስለ አዲስ ሥዕል

የአባት ቤት ባረጀ ጊዜ ወራሾች በሁለት ይከፈላሉ፤ አንዱ አፍርሰን ቦታውን እንሽጥ ሲል ሁለተኛው እንዳለ ይቀመጥ ይላል። ይህን ክርክር በችሎት ብዙ ጊዜ ጽፈነዋል፤ እኛም ራሳችን ከወንድሞቻችን ጋራ ገና አልተስማማንበትም። ሦስተኛ መንገድ መኖሩን ያስተዋልነው ግን በደቡብ አፍሪካ በኬፕ ታውን ከተማ ነው።

በዚያ በወደቡ ዳር እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1924 ዓ.ም. የተሠራ፣ ቁመቱ 57 ሜትር የሆነ የእህል ጎተራ አለ። በ2001 ዓ.ም. ሥራው ቀርቶ ባዶውን ቆመ። ከዚህ በኋላ ቶማስ ሄዘርዊክ የተባለ እንግሊዛዊ የንድፍ አዋቂ ሳያፈርሰው 42ቱን የሲሚንቶ ቱቦዎች ከውስጥ አስቆርጦ፣ በ2017 ዓ.ም. ዛይትዝ ሞካ የተባለ የዘመናችን የአፍሪካ ሥዕልና ቅርጻ ቅርጽ ቤተ መዘክር ሆኖ ተከፈተ።

ከልጆቻችን ጋራ በመካከሉ አዳራሽ ቆመን ወደ ላይ አየን። አዳራሹ የተቀረጸው በአንዲት የበቆሎ ፍሬ አምሳል ነው። ታናሺቱ ልጃችን፣ «እህሉ ወዴት ሄደ?» ብላ ጠየቀችን። «እህሉስ በመርከብ ወደ ባሕር ማዶ ሄደ፤ ዛሬ የተከማቸው የአፍሪካ ልጆች የእጃቸው ሥራ ነው» አልናት። ከሥዕሎቹ አንዳንዶቹ ለዓይናችን እንግዳ ቢሆኑም፣ ልጆቹ ከፊታቸው አልነቀል አሉን።

እንግዴህ ወራሽ ሆይ፣ ለማፍረስ አትቸኩል። እንዳለ ይቀመጥ የምትለውም አስተውል፤ ያ ጎተራ ባይቆረጥ ኖሮ ብርሃን ባልገባበት ነበር። ለወንድሞቻችንም የጻፍንላቸው ይህንኑ ነው።